የቆረጥኳት መንጠቆ

ቀጥቃጭ መባል ያናድደኛል። እናቴ ራሷ ጋራዥ መግባቴን ስትሰማ «ከሥራ ሁሉ ቀጥቃጭነት መረጥህ?» ብላ ሰንብታ ነው የታረቀችኝ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የራሴን ጋራዥ ስከፍት ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥራዬን ያየ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል። ደንበኞቼ «መድፍ በተሠራበት አገር ኮፈን አያቅትህም» እያሉ ሲቀልዱብኝ፣ ቀልድ መሆኑን እያወቅሁም ደረቴን እነፋ ነበር።

እንጀራዬ የመኪና ሞተር መክደኛው ኮፈን ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ አይገባም፤ ለአሮጌ መኪና ደግሞ መንገዱ ቢከፈትም ዕቃ የለም። እና ምን ይደረግ? የአንዱን ሞዴል ኮፈን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በይጄ ለሌላው ሞዴል አለብሰዋለሁ። የታላቅን ሱሪ ለታናሽ እንደማሳጠር ያለ ሥራ ነው።

ያን ሰሞን አንዲት የእህል ነጋዴ ፒካፓቸውን አስጎትተው አመጡ። ቆሞ ሳለ በነፋስ ባሕር ዛፍ ወድቆበት ኮፈኑ ተጨማዷል። መኪናውን የሚነዱት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መሪ የያዙ፣ የእብናትን ቁልቁለት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የመኪናው ሞዴል ያረጀ ስለሆነ እስከ ባሕር ዳር ቢፈለግ ልኩ ጠፋ። የተገኘው የአዲሱ ሞዴል ኮፈን ነው፤ በወርድ አራት ጣት፣ በርዝመት አንድ ስንዝር ይበልጣል። «ስጡኝ ብቻ» አልኩ።

ኮፈን ሁለት መያዣ አለው። አንዱ ዋናው መቆለፊያ ነው፤ ከመሪው ሥር ገመዱ ሲሳብ ይለቃል። ሁለተኛዋ ከፊት በኩል ጣት አስገብተው የሚያላቅቋት ትንሽ መንጠቆ ናት። ዋናው መቆለፊያ ቢከዳ እንኳ እሷ ኮፈኑን ይዛ ታስቀረዋለች። እኔ ኮፈኑን ሳሳጥረው ዋናውን መቆለፊያ አዛወርኩት፤ መንጠቆዋ ግን ከፊተኛው ብረት ጋር እየተጋጨች አላዘጋ አለችኝ። ቆረጥኳት። ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሰድጄ መልሼ ልበይዳት ነበር። መበየጃውን ሳነሳ መብራት ጠፋ።

በማግሥቱም አልመጣም። ነጋዴዋ የቅዳሜ ገበያ እንዳያመልጣቸው ቆመው ያጣድፉኛል። ኮፈኑ ደግሞ ሲዘጋ አቤት ማማሩ፤ ዳርና ዳሩ ገጥሞ ፀጉር አያስገባም። የተቆረጠውን ቦታ በብሩሽ ቀለም ለቅለቅ አደረግሁበት። ጋሼ መኪናውን ሊወስዱ ሲመጡ ኮፈኑን እየደባበሱ «እጅህን ይባርከው ልጄ» አሉኝ። እንዲህ እየተመረቅሁ መንጠቆ የለውም ማለት አቃተኝ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ ኮፈኑ ተነሥቶ የፊቱን መስታወት መታው። ጋሼ ምንም ሳይታያቸው ገደሉን ትተው መሪውን ወደ ተራራው አጠፉና ከአፈሩ ጋር ተላተሙ። አጠገባቸው የነበሩት የነጋዴዋ እህት እጃቸው ተሰበረ። የሞተ የለም። መኪናው ከሰዓት በኋላ ወደ እኔው ተጎትቶ መጣ። መቆለፊያውን ሳየው ምላሱ ተጣሞ ወጥቷል። ያልተዘጋ መቆለፊያ ደግሞ ምላሱ አይጣመምም። ጋሼ ዘግተውታል፤ የከዳቸው እኔ ያዛወርኩት መቆለፊያ ነው፤ ልታስጥላቸው ትችል የነበረችውን መንጠቆ ደግሞ እኔው ቆርጫታለሁ።

ነጋዴዋ በበኩላቸው «ሳይዘጉት ነው የነዱት» አሉ። ጋሼ «ዘግቼዋለሁ» አሉ። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም በባለሙያነቴ ተጠራሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለሙያ መባሉ ምንኛ ባስደሰተኝ።

«ልጄ፣ የሠራኸው አንተ ነህ» አሉ መሐል የተቀመጡት ሽማግሌ። «በደንብ የተዘጋ ኮፈን በራሱ ይከፈታል?»

ከኋላቸው ሁለት ደንበኞቼ ቆመዋል። ገና አዲስ ጋራዥ ነው። «በደንብ ከተዘጋማ አይከፈትም» አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው። ጋሼ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮፈኑን የዘጉበትን ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩትና «እንግዲህ ባለሙያው ካለ ነው» አሉ። የመኪናውን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ለነጋዴዋ አስረከቡ። ሽማግሌዎቹ ይቅር አባባሏቸው፤ እኔንም መርቀው አሰናበቱኝ። በማግሥቱ መብራት መጣ፤ ኮፈኑን ጠግኜ መንጠቆዋን በይጄ መለስኳት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያፈሰስኩት እኔ፣ የለቀሙት ጋሼ ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ደራ፤ እኔ ግን ሰላም አልነበረኝም። ጋሼን ላለማግኘት ስል በገበያ በኩል መሄድ ተውኩ። ሌላ መኪና ያልያዙት የሚቀጥራቸው አጥተው ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እሱም ይቆጠቁጠኝ ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ጠዋት ራሳቸው ጋራዤ መጡ። ከስተዋል። ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ለግቢዬ በር መቆለፊያ እንድትሠራልኝ ነው» አሉኝ። «ገፋ ሲያደርጉት ራሱን የሚቆልፍ፣ ሞላ ያለው።»

«የድሮው ተበላሸ እንዴ ጋሼ?»

«የተበላሸሁስ እኔ ነኝ። ዘግቼ እወጣለሁ፤ መንገድ ላይ መዝጋቴን አላምነውም። ተመልሼ አየዋለሁ፤ ተዘግቷል። ደግሞ እሄዳለሁ፤ ደግሞ እመለሳለሁ። ያን ኮፈን እኮ ስዘጋው ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያልሰማሁትን ከሰማሁ አእምሮዬ ሄዷል ማለት አይደል? ሥራስ ሁለት ሰዎች ለምነውኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ባለቤቴም የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት እንዳደርስ አትፈቅድልኝም፤ ልጁን መንገድ ላይ ይረሳዋል ብላ ትፈራለች።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «አንተ ያን ቀን እውነቱን ባትናገር ኖሮ ሰው እገድል ነበር። እግዜር ይስጥህ።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። መቆለፊያውንም፣ መንጠቆዋንም፣ መብራቱንም፣ ምርቃታቸውንም፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ለቀቁ።

«ዘግቼው ነበር?» አሉ።

«ዘግተውት ነበር፣ ጋሼ።»

«ድምፁን ሰምቻለሁ።»

«ሰምተዋል።»

እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ለመንኳቸው። ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ነጋዴዋንም ጠርቼ በአደባባይ እናገራለሁ አልኩ። ጋሼ የሰሙኝ አይመስሉም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከወንበሩ ተነሡ።

«ሽማግሌዎቹ ይቆዩ» አሉ። «ሴትዮዋም ይቆዩ። መጀመሪያ ቤቴ እንሂድና ለባለቤቴ ንገርልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»