አሥራ ስድስት ፎቅና አንድ አልጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? የካሹ ፍሬ ሲጨመቅ የሚወጣው ይታወቃል፤ ጭማቂው ይብላላል፣ በእሳት ይነጥራል፣ አረቄ ይሆናል፤ አረቄውን የጠጣው ደግሞ ፈላስፋ ይሆናል። የሰው ዕድሜስ? የተማሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ በወፍራም መጻሕፍት ሲያንከባልሉት ኖረው አንዳቸውም ከዳር አላደረሱትም። ወንዶቿ ለመርከብ ሥራ በሚወጡባት በቬሊም መንደር ግን መልሱ ከጥንት የታወቀ ነው፤ የወንድ ልጅ ዕድሜ ቢጨመቅ ቤት ይወጣዋል። መንገደኛ ቆም ብሎ በረንዳውን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፣ ከዚያም «ይሄ ሰው ኖሯል» ወይም «ይሄ ሰው ዝም ብሎ ነው ያረጀው» ብሎ ፈርዶ ያልፋል። ቤት ለሌለው ሰው፣ ነፍሱ ብትከብድ እንኳ፣ ሚዛን ይዞ የሚመጣለት የለም።

በዚህ ፍርድ ፓስኮል ባሬቶ በሚገባ ኖሯል። ጎረምሳ ሳለ መርከብ ላይ ወጥቶ ፀጉሩ ሲሸብት ወረደ። በመሃል ያለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሚንቶ፣ ሸክላና የመስኮት መስተዋት እየሆነ በየተራ መንደር ገባ። ጣሪያው ላይ እንደ ሌሎቹ መርከበኞች ሁሉ ከሲሚንቶ የተሠራ መርከብ ተቀምጦበታል፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ በዝናብ ወራት ቁራ የሚጠለልበት። ፓስኮል ከላይኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ባሕር ማየት የሚችልበት መርከብ ያ ብቻ መሆኑን ግን ቬሊም አያውቅም ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ላለው ሰው «የበፍታ ክፍል» ይል ነበር። በፍታ ሲባል የመንደሩ ሰው ትዝ የሚለው በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ባለጠጋ ስለሆነ፣ ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ አልተገኘም። በተራ ቋንቋ ላውንደሪ ነው። ከባሕሩ ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ያሉት የተኙበትን አንሶላ፣ ገላቸውን ያደረቁበትን ፎጣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማጠፍ፤ ነገም ያንኑ። ታላቅ የመዝናኛ መርከብ ማለት፣ ከሥር ሆኖ ለሚያየው ሰው፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ጊዜ እርጥብ የሚሆንበት ቤት ነው።

ወሬው ግን ሌላ ነበር። በየዓመቱ ለሁለት ወር ዕረፍት ሲመጣ፣ ካሚሎ አረቄ ቤት ወንበር ይለቀቅለታል።

«ፎቁ አሥራ ስድስት ነው» ብሎ ይጀምራል። «መሃሉ ላይ የአትክልት ቦታ አለ። የእውነት ዛፍ የበቀለበት።»

«መርከብ ላይ ዛፍ?» ይላል ካሚሎ፣ ብርጭቆ እየወለወለ። «ምን ሊሠራ?»

«ጥላ ነዋ።»

«ሰዎቹ ፀሐይ ፍለጋ አይደል እንዴ የሚመጡት?»

«ፀሐይ የፈለገ ገንዳው ዳር ይተኛል፤ ጥላ የፈለገ ዛፉ ሥር ይቀመጣል። ብርድ ያማረው ደግሞ የበረዶ ሜዳ አለለት፤ ጫማው ሥር ስለት አስሮ ይንሸራተታል።»

«ስለት!»

«ከላይ ደግሞ ጠመዝማዛ ቧንቧ አለ። ሰውዬው ይገባበትና፣ ከውሃ ጋር እየጮኸ ወርዶ፣ ከታች ይወጣል።»

«ማን አስገድዶት?»

«ማንም። ከፍሎ ነው።»

«ይሄማ የኔው ቤት ነው!» ይላል ካሚሎ። «እዚህም ሰው ከፍሎ ይገባና እየጮኸ ይወጣል።»

አረቄ ቤቱ ይስቃል። ፓስኮልም አብሮ ይስቅና ምግብ ቤቶቹን፣ የቴአትር አዳራሹን፣ ሰው ለመንጠላጠል ብቻ የሚወጣበትን ሰው ሠራሽ ገደል ያወርድላቸዋል። ደሴቶቹንማ እንደ ቅዱሳን ስም ነበር የሚደረድራቸው፤ ሚኮኖስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ሮድስ፣ ቀርጤስ። አድማጩ በየስሙ መሃል «ጸልዩልን» ማለት ነበር የቀረው።

እውነቱን ለመናገር ዛፉን አይቶት አያውቅም። የሠራተኛ ደረጃ ከሠራተኛ ፎቅ ወደ ሠራተኛ ፎቅ ነው የሚወስደው፤ የበፍታ ክፍል ሰው ከላይ ምን ጉዳይ አለው? የመርከቡን ተድላ ሁሉ ያጠናው፣ ተሳፋሪዎች አልጋ ላይ ረስተዋቸው ከአንሶላ ጋር ተጠቅልለው ከሚወርዱ ባለቀለም የማስታወቂያ ወረቀቶች ነው። ደሴቶቹን ደግሞ በአሸዋቸው ነበር የሚያውቃቸው። ከፎጣው የሚራገፈው አሸዋ ከጠቆረ፣ ሳንቶሪኒ ታየች ማለት ነው። መርከቡ ወደብ ይዞ በቆመ ቀን እንኳ እሱ አይወርድም፤ ሰዉ ባሕር ዳር የሚውለው ያን ቀን ስለሆነ ፎጣው ይብሳል። ቤት የሚያደንቅ ሰው መሠረቱን አያይም ይባላል። መሠረቱስ ጣሪያውን አይቶት ያውቃል? ቢሆንም ፓስኮልን ውሸታም ማለት ይከብዳል። ቄሱም ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚሰብኩት ደርሰው መጥተው አይደለም።

ሚስቱ ኤርሜሊንዳ ስለ ዛፉም ስለ በረዶውም ጠይቃው አታውቅም። እሷ የምታውቀው መርከብ፣ ሻንጣው ሲከፈት የሚወጣው የስታርችና የበረኪና ሽታ ነው። አንድ ነገር ግን ከተጋቡ ጀምሮ ሲከነክናት ኖሯል። ፓስኮል እሷ ከአያቶቿ በወረሰችው ሰፊ አልጋ ላይ ተኮራምቶ ግድግዳው ጥግ ይተኛል። ጠዋት ሲነሣም አንገቱን ቀብሮ፣ አንድ እጁን ከራሱ በላይ ጋርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚወርደው።

«ለማን ነው እንዲህ የምትሰግደው?» አለችው አንድ ቀን። «ጣሪያው እኮ የቤተ ክርስቲያን ያህል ነው።»

«ልማድ ነው። የመርከቡ አልጋ ልማድ።»

«የሰው ባል ከባሕር ሽቶ ይዞ ይመጣል፤ የኔው ስግደት።»

ጡረታ ወጥቶ ለዘለቄታው ሲመለስ ሥራው አበቃ፣ ስግደቱ ቀጠለ። ኤርሜሊንዳ ብዙ አሰበች። ባሏን ሠላሳ ዓመት የነጠቀቻት ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ ሄዳ መልኳን ባየች፣ ከራሷ ጋር ባስተያየች፣ ሰድባትም ቢሆን በወጣላት ነበር። የነጠቃት ግን አልጋ ነው። እንግዲያው አልጋውን ማየት አለባት።

ዕድሉ የመጣው ሊዝበን በምትሠራው ልጃቸው በሳንሲያ በኩል ነው። አባቴ ዕድሜውን በፈጀበት መርከብ እንደ ጌታ ይንሸራሸርበት ብላ ለሁለቱም ቲኬት ቆረጠች፤ በዚያው መርከብ፣ «የደሴቶች እመቤት» በተባለው። መንደሩ እንደ ልማዱ ከቤታቸው ፊት ባለው መስቀል ሥር ተሰብስቦ ዘመረ፣ የተቀቀለውን ሽምብራ በላ፣ አረቄውን ጠጣ፣ መረቃቸው።

«ኤርሜሊንዳ እህቴ፣ ያን ቧንቧ ትገቢበታለሽ አይደል?» አለ ካሚሎ።

«ቧንቧውን ላንተ ትቼዋለሁ። እኔ የማየው አልጋውን ነው።»

«የቱን አልጋ?»

«እሱ የተኛበትን ነዋ። ሌላው ቢቀርብኝ ግድ የለኝም።»

«ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግራ አልጋ!» ብሎ ሰዉ ሳቀ። ፓስኮልም ሳቀ። አሥራ ስድስት ፎቅ ሙሉ ድንቅ ነገር ካለበት መርከብ አንድ ተደራራቢ አልጋ ማሳየት ምን ያቅታል?

ከፒሬየስ ወደብ ተሳፈሩ። እንደ ሌላው እንግዳ አንገታቸው ላይ ካርድ ተንጠለጠለላቸው። ፓስኮል ደረቱን ነፍቶ «መጀመሪያ ዛፉን ላሳይሽ» አለና ወደ ግራ ታጠፈ። ካዚኖ ደረሱ።

«አይ፣ በዚያ በኩል ነው።»

በሌላ ሊፍት ወጡ፣ ረጅም ኮሪደር አቋረጡ፣ የሽቶና የሰዓት ሱቆቹን አለፉ፤ ካዚኖ ደረሱ። መርከቡን የነደፉት ሰዎች ጥበበኞች ናቸው። ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለውን የፈላስፎች ክርክር ሁሉንም ወደ ካዚኖ በሚመራ በአንድ ምንጣፍ ፈትተውታል።

«ሠላሳ ዓመት የኖርክበት ቤት ነው የጠፋህ?» አለች ኤርሜሊንዳ።

«አድሰውት ነው።»

«ዛፉንም ነቅለውት ይሆናላ።»

በመጨረሻ መንገዱን ያሳየቻቸው፣ ከእነሱ ጋር በዚያው ቀን የተሳፈረች ባለ ገለባ ባርኔጣ አሮጊት ናት። ዛፉ አልተነቀለም። ኤርሜሊንዳ አንድ ቅጠል በጣቶቿ መሃል አሸት አደረገች።

«የእውነት ነው።»

«አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። ያየኸው ግን ዛሬ ነው። ከኔ እኩል አፍህን ከፈትክ።»

ፓስኮል ከዛፉ ላይ ስትዘምር የምትሰማውን ወፍ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ድምፁ የሚመጣው ከግንዱ ሥር ከተቀበረ ድምፅ ማጉያ ነበር።

«ታዲያ የት ነበርክ?»

ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ፤ ሰባኪ ሲኦልን እንደሚያሳይ።

ትቆጣለች ብሎ አስቦ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን አነሣች። «በል እንግዲህ፣ ወደዚያ ውሰደኝ።»

እንግዳ መቀበያው ጋ ፈገግታዋን ከደንብ ልብሷ ጋር አብራ የተረከበች የምትመስል ወጣት ነበረች።

«የሠራተኞቹን ማደሪያ ማየት እንፈልጋለን» አላት ፓስኮል።

«ለክቡራን እንግዶቻችን የውስጥ ጉብኝት አለን፣ ጌታዬ። ወጥ ቤቱን፣ ላውንደሪውን… ትንሽ ክፍያ አለው።»

«ላውንደሪውን?»

«በጣም ይወደዳል!»

ሠላሳ ዓመት እየተከፈለው ይገባበት ወደነበረው ክፍል፣ አሁን ከፍሎ ሊገባ ተሰለፈ። የማደሪያው ኮሪደር ከላውንደሪው ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚያ ከደረሱ ቀሪው ቀላል ነው ብሎ አስቦ ነበር። ነጭ የለበሰ ወጣት መኮንን እየመራ አወረዳቸው። ጎብኚዎቹ ካሜራቸውን አወጡ፣ አንሶላ የሚያጥፈውን ማሽን ዝሆን ይመስል ከበቡት። ኤርሜሊንዳ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ስታርችና በረኪና።

«ሻንጣህ ውስጥ ገባን» አለችው፣ ቀስ ብላ።

መተኮሻው ጋ የቆመው ሰው ቀና ሲል የአሶልናው ኩስቶዲዮ ነበር፤ የፓስኮል የድሮ ባልደረባ፣ የጎረቤት መንደር ሰው።

«ፓስኮል ባብ!» አለ፣ በአገራቸው የአክብሮት አጠራር። «በየት በኩል መጣህ?»

«ከላይ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ? እንዴት ነው ላዩ?»

«ካዚኖ ነው።»

ኩስቶዲዮ ሳቀና ለኤርሜሊንዳ እጅ ነሣ። «አክስቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። የሱን አልጋ እኮ አሁን እኔ ነኝ የወረስኩት። ታችኛውን። ይኸው ግንባሬን ይዩት!» ግንባሩ ላይ የላይኛው አልጋ ብረት ያሳረፈበት ጠባሳ ነበር። ኤርሜሊንዳ ጠባሳውን አየች፣ ከዚያ የባሏን አንገት አየች።

«እባካችሁ ሠራተኛውን ከሥራ አናስፈታ» አለ መኮንኑ፣ በትሕትና።

ክፍሉ የሚያበቃው በቢጫ ገመድ ነው። ከገመዱ ማዶ ጠባብ ኮሪደር አለ፤ በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው በር የፓስኮል የነበረው ነው።

«ጌታዬ» አለ ፓስኮል። እንግዳ ሆኖ ሳለ መኮንኑን ጌታዬ አለው፤ እዚያ ፎቅ ላይ ምላሱ ሌላ ቃል አያውቅም። «እዚህ በር ውስጥ ያለውን አልጋ ባለቤቴ እንድታየው ነበር።»

«ይቅርታ፣ የሠራተኞች ማደሪያ ለእንግዳ ክልክል ነው። የሠራተኞቻችንን ገመና እናከብራለን።»

ፓስኮል እዚያ ክፍል ውስጥ ገመና እንደነበረው የሰማው ያን ዕለት ነው።

«የምተኛበት እኔ ነኝ» አለ ኩስቶዲዮ ከኋላ። «እኔ ፈቅጃለሁ።»

«አንተ መፍቀድ አትችልም።»

«እኔም ኖሬበታለሁ እኮ» አለ ፓስኮል።

«ያኔ እንግዳ አልነበሩም፣ ጌታዬ። አሁን እንግዳ ነዎት። ስለ ታማኝነትዎ ግን ለሁለታችሁም አንዳንድ ብርጭቆ ሻምፓኝ ከገንዳው ዳር እንዲቀርብላችሁ አዛለሁ። ወይም ቧንቧው አለ፤ ለዛሬ ያለ ክፍያ።»

ጎብኚዎቹ ወደ ሊፍቱ መመለስ ጀምረዋል። ኤርሜሊንዳ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ የተዘጋውን በር እያየች፣ ልክ እሱ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው አንገቷን ቀበር አድርጋ ቆማለች።

«እኔ አልገባም» አለ ፓስኮል። «እሷም አትገባም። እዚሁ ገመዱ ጋ ቆማ ነው የምታየው። እናንተው ለአንድ አፍታ በሩን ክፈቱላት፤ ትየውና እንሂድ።»

የከፈተላት የለም።