የቀኝ ፍሬቻ

በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሐዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አንድ ወጣት ሞተረኛ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እኔም በሞተር ከኋላው ነበርኩ።

ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስፍር። የጭነት መኪናው ከፊት፣ ወጣቱ ቀጥሎ፣ እኔ መጨረሻ ነበርን። መኪናው የቀኝ ፍሬቻ አበራ። በሕጉ ይህ “ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው” ማለት ነው። ረጅም መንገድ የሚነዱ ሾፌሮች ግን ሌላም ትርጉም ሰጥተውታል፦ “ቀኝ ይዤልሃለሁ፣ በግራዬ እለፍ።” ወጣቱ ሁለተኛውን ተረዳ። ሾፌሩ ያለው የመጀመሪያውን ነበር። ወደ አንድ መጋዘን ሊገባ ነው፤ በሩ ጠባብ ስለነበር ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ወጣ። ወጣቱ በዚያው ሰዓት እዚያው ግራው ላይ ነበር።

ለትራፊክ ፖሊሱ ቃሌን ሰጠሁ። ለምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያም አጭር ዜና ጻፍኩ። ዜናው ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር አለ፤ ፍሬቻውን ሳይ እኔም “እለፍ” ነው ብዬ ነዳጅ መጨመር ጀምሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንዳት አላቆምኩም። መቅደም ግን አቃተኝ። ከፊቴ ያለው ባጃጅም ይሁን ብስክሌት ከኋላው እቀራለሁ። ፍሬቻ ብልጭ ሲል እጄ በራሱ ይላላል፣ ሞተሩም አብሮኝ ይደክማል። መሃል ከተማ ውስጥ ከኋላዬ ክላክስ ሲጮህ ይውላል።

“ማዘር፣ እየገፋሽው ነው እንዴ?” አለኝ አንድ ባለባጃጅ በጎኔ ሲያልፍ። ተሳፋሪዎቹ ዞረው አዩኝ።

ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ጣቢያው ያለው አንድ መኪና ነው። የከተማውን ዳር ቀበሌዎች ዜና ለዓመታት የሠራሁት በጣቢያው ሞተር ነው። አሁን ግን ስብሰባ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ እየደረስኩ ባዶ መቅረጫ ይዤ መመለስ ጀመርኩ። የዜና ክፍሉ ኃላፊ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ናት፤ አልተቆጣችም።

“ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ስቱዲዮ ግቢ” አለችኝ። “አንቺ ታነቢያለሽ፣ ሞተሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል።”

“ወሩ ይለቅ” አልኳት።

“ይለቅ። ግን በሰዓቱ እየደረስሽ።”

በዚያው ሳምንት ከሐዋሳው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወጣ እንዳልኩ አንድ የአህያ ጋሪ ከፊቴ ገባ። አጎንብሼ ተከተልኩት። ባለጋሪው በዕድሜ ከኔ ትንሽ የሚያንስ ሰው ነው፤ አንዴ ዞሮ አየኝ፣ ደግሞ ዞረ።

“እትዬ፣ ምነው? ቀብር አስመሰሉት እኮ!”

“መንገዱን እያየሁ ነው።”

“ይለፉ እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?”

“ምልክት ስጠኛ።”

በሳቅ ከጋሪው ሊወድቅ ደረሰ። “አህያ ናት እኮ! ፍሬቻ ከየት ታምጣ?”

እኔም ሳቅኩ። ምልክት የሚሰጠኝ ከሌለ ማየት የራሴ ሥራ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብዬ አየሁ፤ የሚመጣ የለም። ስፖኪዮ አየሁ፤ ከኋላም የለም። አህያዋ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች፣ የመታጠፍ ሐሳብም ያላት አትመስልም። ክላክስ ነካ አድርጌ አለፍኩ።

“እልልልል!” አለ ባለጋሪው ከኋላዬ።

ቀሪውን መንገድ ሳስብ ሄድኩ። በእኛ ሥራ አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ወሬ አየር ላይ አይውልም። አንድ ሰው ስለነገረኝ ብቻ የጻፍኩት ዜና የለም፤ ሄጄ አያለሁ ወይም ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። መንገድ ላይ ግን የማላውቀው ሾፌር መብራት ብልጭ ሲያደርግ ሕይወቴን ሰጥቼው ኖሯል። ፍሬቻ የአንድ ሰው ቃል ነው። ሁለተኛው ምንጭ መንገዱ ራሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በሐይቅ ዳር መለማመድ ያዝኩ። መጀመሪያ ብስክሌት፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ። አንድ ቀን አንድ ሚኒባስ የቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ጠበቀኝ፤ ወጣ ብዬ ሳይ ከፊት ሌላ መኪና እየመጣ ነው። ተመልሼ ገባሁ። ያ መመለስ ካለፍኳቸው ሁሉ በላይ ደስ አሰኘኝ፤ ይህን ጊዜ ያስቀረኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ያየሁት ነገር ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቱላ አካባቢ አንድ ቀበሌ ውስጥ ተቋርጦ የቆየ የቦኖ ውኃ መምጣቱን ሰማን። የጣቢያው መኪና ሌላ ቦታ ሄዷል።

“መኪናው እስኪመለስ ጠብቂ” አለች ኃላፊዋ።

“በሞተር እሄዳለሁ።”

“ለስድስት ሰዓቱ ዜና ትደርሻለሽ?”

“እደርሳለሁ።”

ከከተማ እንደወጣሁ አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና ከፊቴ ሆነ። ትንሽ እንደሄድን የቀኝ ፍሬቻ አበራ። እጄ ላላ። አላቆምኩም፤ ማየት ጀመርኩ። በስተቀኝ በር የለም፣ መታጠፊያ የለም፤ ያለው ቦይና እንሰት ነው። የፊት ጎማው ቀጥ ብሏል። ከፊት መንገዱ እስከ ኩርባው ባዶ ነው፤ ስፖኪዮው ውስጥም ማንም የለም። ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ሰጠሁ።

የመኪናው ሙቀት ጉልበቴን ነካኝ፤ ጎማዎቹ አንድ በአንድ በጎኔ አለፉ፤ ከዚያ ጋቢናው፤ ከዚያ ምንም። ከፊቴ መንገድ ብቻ ነበር። ሄልሜቴ ውስጥ ጮኽኩ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ቱላ ሳልደርስ ሌሎችንም ቀደምኩ፤ ለሁሉም አየሁ፣ ለሁሉም ክላክስ ነካሁ፣ እጄ አልላላም።

ቦኖው ጋ ውኃው ይወርዳል። ጀሪካን የደረደሩ ሴቶችን ድምፅ፣ የውኃውንም ድምፅ ቀረጽኩ፤ የውኃ ኮሚቴውን ሰብሳቢም አነጋገርኩ።

ጣቢያው ስገባ ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች።

“ማን አደረሰሽ?”

“ራሴ።”

“መንገድ ላይ መኪና አልነበረም?”

“ነበረ። ከኋላዬ እየመጣ ነው።”

ሳቀች። የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ በጣቷ ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። ድምፁን ቆርጬ ጽሑፉን ጨረስኩ። ዜናው በስድስት ሰዓቱ እወጃ ተላለፈ።