በሁዳዴ ጎማ ስጎትት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ስላስፈራኝ ወይም ስላሳቀኝ ብቻ አይደለም። ውስጡ መልስ ያላገኘሁለት አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። እኔ ደግሞ መልስ የሌለው ጥያቄ አልወድም።

የምሠራው ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የማታ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ግግር በረዶ የተጻፈበት ገጽ ጋ ሲደርስ፣ «ይኼ እኛ አገር የለም፤ ፈተና ላይም አይመጣም፤ እለፉት» አለን። ክፍሉ በሙሉ ገጹን ገለበጠ።

እኔ አላለፍኩትም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ገጽ መዝለል ይከብደዋል። መጽሐፉ፣ በረዶ ለብዙ ዘመን እየተቆለለ በራሱ ክብደት ይጠነክርና እንደ ወንዝ ቀስ ብሎ ይፈሳል ይላል። ድንጋይ የሚያክል ጠንካራ ነገር እንዴት ይፈሳል? ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖረ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ማሪት የምትባል ኖርዌያዊት የሳይንስ መምህርት አለች። በየዓመቱ ፈቃድ ወስዳ አገሯ ትሄድና ከጓደኞቿና ከአንድ መሪ ጋር በግግር በረዶ ላይ ስድስት ቀን በስኪ ትጓዛለች። ስኪ በጫማ ላይ የሚታሰር ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ነው፤ በረዶው ላይ ሳይሰምጡ ለመንሸራተት። ባለፈው ዓመት አንዷ ጓደኛዋ አርግዛ ቀረች። ማሪት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ «አንድ ወጪው የተከፈለ ቦታ አለን፤ ጀማሪም ይሆናል። ማን ይመጣል?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ሳቁ።

«እኔ ፍሪጅ ስከፍት እንኳን ጉንፋን ይይዘኛል» አለ የሒሳብ መምህሩ።

መጽሐፍ ላደርስላት ገብቼ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። «እኔ እመጣለሁ» አልኩ። ብዙዎቹ ድምፄን የሰሙት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

መሪው ኦላ ይባላል። በየሳምንቱ በስልክ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ በእንግሊዝኛ ያስተምረኝ ነበር። እሱ ዘንድ ተጓዥ ማለት ዝም ብሎ የሚከተል ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ራሱ ማቀድ አለበት። ለእኔ ሦስተኛውን ቀን ሰጠኝ። ስንት ሰዓት እንነሳለን፣ የት እናርፋለን፣ ምን እንበላለን፣ ነፋስ ቢነሳ ወዴት እንጠጋለን፣ ድንኳን ቢቀደድ በምን እንሰፋዋለን። እኔም አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁለት።

አንብቦ ደወለልኝ። «በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ጎድሏል» አለኝ።

«ማን?»

«አንቺ። ማሪት ብትታመም ምን እንደምናደርግ ጽፈሻል። እኔ ብወድቅም ጽፈሻል። አንቺ ቢደክምሽስ?»

የላክሁለትን ወረቀት ቅጂ ማገላበጥ ጀመርኩ።

«በረዶው ውስጥ ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉ በገመድ ተያይዘን ነው የምንሄደው። እኔን ከስንጥቁ እኩል የሚያስፈራኝ ‹ደህና ነኝ› እያለ ዝም የሚል ሰው ነው» አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ገጽ ጨመርኩ። የጻፍኩት ግን ከልቤ አልነበረም።

ለልምምዱ ጎማ መጎተት ነበረብኝ። እዚያ ድንኳኑና ምግቡ የሚጫነው በረዶ ላይ በሚንሸራተት፣ ጎማ የሌለው ጋሪ በመሰለ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ወገቡ ላይ አስሮ ይጎትታል። በረዶ የሌለበት አገር ያለ ሰው በጎማ ይለማመዳል። ሰፈራችን ወዳለው ጎሚስታ ሄጄ ያረጀ ጎማ ጠየቅሁ።

«ለምን ዓይነት መኪና ነው እህቴ?» አለኝ።

«ለመኪና አይደለም። እኔ ልጎትተው ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «በይ እንግዲህ፣ ነፋስ በየሳምንቱ እያመጣሽ አስሞይ» ብሎ ሳቀ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከብሎኮቹ ጀርባ ወደ ኮረብታው በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ጎማዬን እጎትት ጀመር። ሰው እንዳያውቀኝ ስለፈለግሁ ሱሪዬ ላይ ረጅም ቀሚስ ደርቤ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ እከናነብ ነበር። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በሁዳዴ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በገመድ ጎማ የምትጎትት ሴት ምን ትመስላለች? እኔ ይህን አላሰብኩም። ሌላው ሁሉ አስቧል።

በመጀመሪያው ሳምንት እማማ ጥሩነሽ አገኙኝ። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ብሎክ ከእህታቸው ልጅ ጋር የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ የንስሐ አባትሽ ናቸው ያዘዙሽ?»

ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ለመተንፈስ ነበር የደፋሁት። እሳቸው ግን፣ «እግዚአብሔር ይቀበልሽ» ብለው አማተቡና ከኋላዬ መከተል ጀመሩ።

ማስረዳት ነበረብኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ከጎኔ እየሄዱ ስለ ዓይናቸው አጫወቱኝ። የዓይን ግፊት አለባቸው። የግራ ዓይናቸው እይታ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቡጢ የምታክል ድንጋይ አነሱና ጎማው ውስጥ አስቀመጡ።

«ይቺን ለዓይኔ ያዢልኝ። የኔ ጉልበት አይችልም።»

ይሉኝታ ያዘኝ። አንዲት አሮጊት በዚህ ሁሉ እምነት ድንጋይ ስታስቀምጥ፣ «እኔ እኮ ሽርሽር ልሄድ ነው» ይባላል? እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። በወጣን ቁጥር አንድ ድንጋይ ሲጨምሩ ጎማው ይከብዳል፤ መክበዱ ደግሞ ለልምምዱ ጥሩ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንዲህ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ሄድን።

አንድ ቅዳሜ የእህታቸው ልጅ ትዕግሥት ደረጃ ላይ አገኘችኝ። ፊቷ ጠቁሯል።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ እማማን ይምከሩልኝ። የዓይን ጠብታውን ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። የሐኪም ቀጠሮም አሳለፉ። ስለምናቸው ‹ሰው ተሸክሞልኛል› ይሉኛል። ማን እንደሆነ አልነግርም አሉ። ይህች ተሸከምኩልዎ ያለቻቸው ሴት ማን እንደሆነች ባውቅ . . .»

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «እሺ፣ አነጋግራቸዋለሁ» ብዬ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት እማማ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ ይሄ ንስሐ አይደለም።»

«ስለት ነው?»

«ስለትም አይደለም። ሩቅ አገር፣ በረዶ ላይ ለመጓዝ እየተለማመድኩ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። በደንብ ለማየት ራሳቸውን ወደ ግራ መለስ ማድረግ ነበረባቸው።

«በረዶው ጠበል ነው?»

«አይደለም።»

«ሥራ አገኘሽ እዚያ?»

«አይ፤ ለማየት ነው።»

«ምን አለ እዚያ?»

«ምንም የለም። በረዶ ብቻ ነው።»

«ምንም የሌለበት አገር ለመሄድ ነው በጾም ጎማ የምትጎትቺው?»

«አዎ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኋላሽ ስከተል አፍ አልነበረሽም?» አሉኝ።

«ነበረኝ» አልኩ።

ድንጋያቸውን መንገድ ዳር ጣሉትና ብቻቸውን ወረዱ። እኔም ያን ቀን ጎማውን እዚያው ትቼ ወደ ትዕግሥት ሄድኩ፤ ሴትየዋ እኔ መሆኔን ነገርኳት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችብኝ።

በማግሥቱ ተመልሼ አንኳኳሁ። እማማ ራሳቸው ከፈቱ።

«ደግሞ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«ሐኪም ቤት አብሬዎት ልሂድ ብዬ ነው።»

«በጎማው ነው የምትወስጂኝ?»

«በታክሲ።»

አልሳቁም። ነጠላቸውን አነሱ።

በመገናኛ በኩል ገርጂ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በእርጋታ መረመረቻቸው። ግፊቱ ጨምሯል። የግራው ዓይን እይታ ካለፈው ምርመራ ወዲህ ይበልጥ ጠቧል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል አለች። እማማን ወደ ውጭ ሸኝቼ ተመለስኩና ጠየቅኋት።

«ይሄ የሆነው ጠብታውን ባቆሙበት በሦስቱ ሳምንት ነው? ወይስ ከዚያ በፊት?»

«ያለፈው ምርመራ ከተደረገ ሰነባብቷል» አለችኝ። «በሦስቱ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ይህን ማንም በትክክል ሊነግርሽ አይችልም።»

አራት ጊዜ በተለያየ መንገድ ጠየቅኋት። አራቴም ያንኑ መለሰችልኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቪዛዬ ወጥቶ ሄድኩ። ኖርዌይ ደርሼ ሁለት ቀን ስኪ ተማርኩ፤ ይኸውም ሁለት ቀን ወደቅሁ ማለት ነው። ከዚያ አምስት ሆነን በረዶው ላይ ወጣን። ኦላ ከፊት፣ እኔ ሦስተኛ፣ በመካከላችን አሥር ሜትር ያህል ገመድ። ያየሁትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም። ከመጽሐፉ ላይ የማላውቀው ነገር ቀለሙ ነበር። የመጽሐፉ ሥዕል ጥቁርና ነጭ ነው። በስንጥቁ አፍ ላይ በደረታችን ተኝተን ወደ ውስጥ ስናይ ግን በረዶው ሰማያዊ ነው፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየጠለቀ የሚሄድ ሰማያዊ። ኦላ የስንጥቁን ግድግዳ እያሳየ፣ ላዩ ተሰባሪ፣ ሥሩ ግን የሚለጠጥ መሆኑን፣ የሚፈሰውም በዚያ ምክንያት መሆኑን አስረዳኝ። በቃላት ደረጃ አውቀው ነበር። እጄን ሳስነካው ነው የገባኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ባቀድኩት ቀን፣ ጉም ወረደ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ሆኑ፤ ከፊቴ ያለውን ገመድ እንጂ ሰው አላይም። የግራ እግሬ ጣቶች መጀመሪያ አመሙኝ፣ ከዚያ ሕመሙ ጠፋ። ሕመሙ ሲጠፋ ደስ አለኝ። ቀጥሎም መደሰቴ አስፈራኝ። ለእኔ ሲሉ አራት ሰዎች በዚያ ብርድ ሊቆሙ ነው፤ ትንሽ ልታገስ አልኩ። እማማ «አፍ አልነበረሽም?» ያሉኝ ትዝ ሲለኝ ግን ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ፤ በአማርኛ። ቋንቋው ባይገባቸውም ሁሉም ቆሙ። ማሪት ጫማዬን አውልቃ፣ ጃኬቷን ከፍታ፣ ባዶ እግሬን ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። በበረዶ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው። ከእፍረቴ ብዛት ፊቴን በጓንቴ ሸፈንኩ። ጣቶቼ ግን ተረፉ። ኦላ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተሽ ብትናገሪ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር አለኝ።

የዚያን አንድ ሰዓት ልክ አወቅሁት። የእማማን ሦስት ሳምንት ልክ ግን አላውቀውም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ እማማ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድኩ። ትዕግሥት አሁንም ቁጥብ ናት፤ ግን ወንበር ሰጠችኝ። እማማ ጠብታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው። ስለ በረዶው ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ሽታ አለው ወይ፣ ሲረግጡት ይጮኻል ወይ፣ እዚያ የሚኖር ወፍ አለ ወይ። አንድ ጥያቄ ስመልስ ሁለት ይጨምራሉ። ከዚያ «እስቲ ፎቶውን» አሉኝ።

በጉሙ ቀን ማሪት ያነሳችውን ከፈትኩላቸው። ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ከዚያ ወደ ግራው፤ ከዚያ መልሰው ወደ ቀኝ።

«ሁሉም ነጭ ነው? ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ሁሉም ነጭ ነው እማማ። እኔም ስቆምበት ምንም አላየሁም።»

ስልኩን ዝቅ አድርገው ፊቴን አዩ።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ብነግራቸው፣ ዝናብ መጣ ብላቸው እንኳን፣ «እውነትሽን ነው?» ይሉኛል። ቂም ይዘው ይሁን እየቀለዱ፣ ለይቼ አላውቅም። በጠየቁኝ ቁጥር ግን እመልሳለሁ።