ከቀበሌ ግቢ የመጣው ሳጥን

የአባቴ መኪና ዳገት ላይ መቆም የጀመረችው ጸሎት ቤታችን በታሸገ በሁለተኛው ዓመት ነው። በሜዳው፣ ከሰፈራችን ከሲግናል እስከ ኮተቤ ድረስ፣ ምንም አይላትም። ከኮተቤ በላይ ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚወጣውን መንገድ ስትያያዘው ግን ሞተሯ ይግልና ሁለት ሦስት ጊዜ አስሏት ቀጥ ትላለች። በሥራ ቀን ብትቆም ግድ አልነበረኝም። እሷ ግን የምትመርጠው ቅዳሜ ከሰዓትን ነው፤ በሌላ ቀን ዳገት የምንወጣበት ጉዳይ አልነበረንምና።

ቅዳሜ የምንወጣው ለጸሎት ነው። ጴንጤ ተብለን ከታወቅንና ጸሎት ቤቱም ከተዘጋ ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ባለች የአንድ ወንድም ቤት አንድ በአንድ እየገባን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመርን እንሰበሰብ ነበር። ከመካከላችን ያንን ዳገት በእግራቸው መውጣት የማይችሉት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ከሴት ልጃቸው ጋር ኮተቤ ይኖራሉ። አባቴን ወደ እምነቱ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ካልጸለዩ የተጸለየ አይመስለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ አቅፎ ከኋላ መቀመጫ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ እኔ ከጎናቸው እገባለሁ፣ እንወጣለን።

መኪናዋ ቆመች ማለት እንግዲህ እማማ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። የቆመ መኪና ደግሞ ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ይጠይቃል። አባቴ አይዋሽም። ጥሩ ጠባይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ ዘመን ግን ከማይዋሽ ሰው ጋር መንገድ ዳር መቆም ምን ዓይነት ጭንቅ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እሱ አፉን ሳይከፍት በፊት እኔ ቀደም ብዬ አሮጊቷን ጠበል ልናደርሳቸው ነው እላለሁ። እንጦጦ ላይ ጠበል ሞልቷል፣ የእማማ እግርም ይመሰክርልኛል። ሰዉ ማርያም ትማራቸው ብሎ ይገፋልናል። አባቴ በመስታወቱ ያየኛል፤ እኔ ወደ ውጭ አያለሁ።

መካኒኩ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ ጋራዡ ከቤታችን ፊት ለፊት። ካንዴላ ቀየረ፣ የነዳጅ ቱቦ አጠበ፣ ቤንዚኑንም ረገመ። በመጨረሻ ከፊት መቀመጫ ስር ያለውን የአሉሚኒየም ሳጥን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ሞተሩ አብሮ ተንተባተበ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ያመማት አንጎሏ ነው አለን። መኪናዋ እንደ ሌሎቹ ካርቡራተር የላትም፤ ሞተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጠጣ የሚወስነው ያ ሳጥን ነው፤ ሲግል ሒሳቡ ይጠፋበታል። አባቴ የገዛት አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ከወጣ የውጭ አገር መምህር ነበር። ሰውዬው ይህን ነገር ያውቅ እንደሆነ አልነገረንም። አዲስ ሳጥን የሚመጣው ከአውሮፓ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ለእኛ ቢጤ የሰማይ ላም ነው። መካኒኩ ካርቡራተር ልግጠምላት ብሎ ብዙ ፈለገ፤ ለሞተሯ የሚሆን አጣ። እስከዚያው ሳጥኑን እርጥብ ጨርቅ አልብሱት አለን። እማማ ከኋላ ሆነው የውሃ ጠርሙሱን ይዘው፣ ጨርቁ ደረቀ እያሉ አባቴን መቆጣጠር ጀመሩ። ያን ጊዜ ስቀናል።

አንድ ቅዳሜ ጨርቁም አልበጀን። ዳገቱን ሳንጀምር፣ ኮተቤ መንገድ ላይ ቆመን ሳለ አንድ መኪና አልፎን ሄዶ ተመለሰ። የወረደው የሰፈራችን የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። የጠበሉ ወሬ ከምላሴ ጠፋ። እሱ ግን ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀም። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ሳጥኑንም አየ። ከዚያ ለአባቴ፣ ከአንድ ባለ ቤት የተወረሰች የመኪናችን ዓይነት መኪና ቀበሌው ግቢ ውስጥ ጎማ አልባ ሆና ዶሮ እንደሚያድርባት፣ ሳጥኗም ለማንም እንደማይረባ፣ መጥቶ እንዲወስደው ነገረው። ዋጋ ቢጠየቅ እጁን አወናጨፈ።

ሰኞ ዕለት መካኒኩ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከዶሮዎቹ ስር ፈቶ አመጣው። ሽቦውን ሰክቶ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ ያለ ሳል ተነሳች። እሱ አልሐምዱሊላህ አለ፤ አባቴ ጌታ ይመስገን አለ። እኔ ግን ከዚያ ግቢ የሚወጣ ደግ ነገር አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳገቱን እማማን ይዘን እየዘመርን ማለት ይቻላል ወጣን። በምስክርነት ሰዓት አባቴ ተነሳ። ደረቱን ነፍቶ፣ ጌታ የሊቀመንበሩን ልብ እንዳራራ፣ የፈርዖን ቤት ሙሴን እንዳሳደገ ሁሉ የቀበሌው ሳጥንም ለጌታ ሥራ እንደዋለ ተናገረ። እኔ እጅጌውን ልይዘው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ዘገየሁ። ልማዳችን ምስክርነት ሲያልቅ አሜን ማለት ነው። ያን ቀን አሜን ያለ ሰው አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ተነስቶ መጋረጃውን አስተካከለ። አባቴ የደስታ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ተቀመጠ፤ ምን እንዳደረገ የገባው ማታ ቤት ስንደርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠፋ። መጀመሪያ ለጊዜው ይቅር ተባልን፤ ቀጥሎ ቦታው ተቀይሯል፣ እንነግራችኋለን ተባልን። የነገረን የለም። ገበያ ላይ ያገኘኋት አንዲት እህት ሰላም ሳትለኝ ተሻገረች። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል በቀጥታ አልደረሰንም፤ ግን ቃሉ ሳይነገርም ከሰው ፊት ይነበባል። እኔ በሁሉም ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን በአባቴ። ከቀበሌ የተቀበለ ሰው ቢያንስ አፉን መያዝ ነበረበት። በምእመኑ ግን አልፈርድም፤ ሁለት ወንድሞች ታስረው የት እንዳሉ አይታወቅም ነበር፤ ማንም ማንንም የሚያምንበት ጊዜ አልነበረም።

እማማ ጋ ሁለት ቅዳሜ ሄደን ልጃቸው አሟቸዋል ብላ ከበር መለሰችን። በሦስተኛው አባቴ ገፍቶ ገባ። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለመውጣት ተዘጋጅተው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው መጥቶ በጀርባው ሊያዝላቸው ነበር። አባቴ ያንን ሲያይ አንገቱን ደፋ። እጁን ይዘው እንዲህ አሉት፦

“ልጄ፣ አንተን አምንሃለሁ። ሳጥኑን ግን አላምነውም። መልስላቸውና ና።”

ሰኞ ሳጥኑ ተፈታ። አባቴ በፎጣ ጠቅልሎ ያዘው፤ ብቻውን እንዳይሄድ ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ እፈራለሁ፣ ለዘበኛው ሰጥተን እንመለስ ስለው ነበር። የሰጠኝ እሱ ነው፣ በእጁ ነው የምመልስለት ብሎ ድርቅ አለ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሳጥን አይቶ አልሠራም ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ በደንብ ይሠራል አለ። ታዲያ ለምን ይመለሳል ሲለው፣ ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዋን ልሸጣት ነው ይል ነበር። አባቴ ግን፣ “ሰዎች ይፈሩታል” አለ።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“የትኞቹ ሰዎች፣ ጓድ?”

እስከ ዛሬ ድረስ ጥያቄው ወጥመድ ይሁን እንዲያው ተራ ጥያቄ አላውቅም። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን የዚያ የዳገቱ ቤት ሰዎች ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የተደረደሩ መሰለኝ፤ ዘወር ብል የማያቸው። አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ይህቺ ልጄ” አለ። “ከቤት ከወጣን ጀምሮ እፈራለሁ ስትለኝ ነው የመጣችው።”

ሊቀመንበሩ እውነት ነው ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አዎ፣ እፈራለሁ አልኩት፤ እንባዬም መጣ። ሳቀ። የአብዮት ልጅ ቆርቆሮ አይፈራም ብሎኝ ሳጥኑን በሁለት እጁ ወደ አባቴ ገፋው። አባቴ ፎጣውን አንስቶ እንደገና ጠቀለለው። ሌላ ቀን ይዘነው ብንመለስ ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእኔ ፍርሃት መልስ ሆኖ አይበቃም። ሳጥኑን ጥለን መኪናዋን ብናቆማትም፣ በየቀኑ ቆማ አይቶ ለምን ብሎ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ነው። መካኒኩ ምንም ሳይጠይቅ መልሶ ሰካልን።

ይህን ለወንድሞች ልንገራቸው ብዬ ለመንኩት። አባቴ ግን ከለከለኝ። ከነገርናቸው የሚሰሙት ስለ እኛ አይደለም፤ ቀበሌው ውስጥ ስለ እነሱ ጥያቄ መነሳቱን ነው፤ ይበተናሉ፣ እማማም ብቻቸውን ይቀራሉ አለኝ። ስለዚህ ዝም አልን። እነሱም ከእኛ ይልቅ መኪናዋን መረጠ አሉ። እኔን ዝምታው አነቀኝ፤ እሱን ደግሞ አከሳው።

የእማማን ሞት የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ የነገረን መካኒኩ ነበር። አባቴ ወዲያው ተነሳ፤ ኮተቤ ደረስን። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም፤ ጥቂት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ወሬያቸውን አቆሙ። ልጃቸው ከል ለብሳ እስከ በር መጣች። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። አሜን አለች። ዓይኗ ግን መኪናዋ ላይ ነው።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መኪናዋን ከዚህ ራቅ አድርገው ያቁሙልን” አለችው።

አባቴ እሺ ልጄ አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ከመታጠፊያው በታች፣ ከግቢው በማይታይበት ቦታ አቆማትና ሞተሩን አጠፋ። እኔ ወረድኩ። በሩን ይዤ ጠበቅሁት። እሱ ግን አልወረደም።