የመሕሙድ አየር መሳቢያ

መሕሙድ የኮምቦልቻ መካኒክ ነው። የሰው መኪና ሠርቶ ይሸኛል፤ የራሱን አሮጌ ኮሮላ ግን ፈትቶ አይጠግባትም። ሞተሯን ካጎለበተ ወዲህ ደግሞ «ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» እያለ እኛን ጓደኞቹን አደረቀን። በመጨረሻ ውዳቂ ቧንቧ ቆርጦና በይዶ አፈ ሰፊ አየር መሳቢያ ሠራላት፤ አፉንም ከፊት መብራቷ ሥር አወጣው።

ልንሞክራት ስንነሳ እናቱ እትዬ ራቢያ እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። «አላህ መንገዳችሁን ለምለም ያድርገው» ብለው ዱዓ አደረጉልን፤ ሳሩንም ከመኪናዋ ፊት ሻጥ አደረጉት።

መሕሙድ እንደ ጉድ ነዳት። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ግን ኮሮላዋ ሳል ጀመራት፤ ወዲያው ቀጥ አለች። ገለባ የጫነ አይሱዙ እያዘገመ አለፈን። መሕሙድ ካንዴላውን ፈታ፣ የቤንዚን መስመሩን ነፋ፣ ዳገቱን ረገመ። እኔ ሲሰለቸኝ ወደ መኪናዋ ፊት ዞርኩ። ከቧንቧው አፍ ሳር ብቅ ብሏል። ብስበው አንድ እፍኝ ሙሉ ወጣ።

ማታ ለእትዬ ራቢያ ስንነግራቸው ቅንጣት አላፈሩም።

«አልሐምዱሊላህ! በዚያ አነዳድህ ሳሩ ባያቆምህ ገደሉ ያቆምህ ነበር» አሉት።