ቅጣቱን አልከፍልም ያለችው ፈዲላ

ፈዲላ ባሏን ፈትታ ከከላላ ወደ መካነ ሰላም ስትመጣ የያዘችው አንድ እንዝርትና አንድ አቁማዳ ጥጥ ብቻ ነበር። ፈትል ትችላለች፤ የፈተለችውን ለሸማኔዎች እየሸጠች ራሷን አስተዳደረች። ከገበያው ዝቅ ብሎ በእህል ነጋዴው በአቶ ገበየሁ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች አንዷን በወር ሦስት ብር ተከራየች። የተዋዋሉት በቃል ነው። አጠገቧ የሚኖረው ልብስ ሰፊው አድማሴ ምስክር ሆኖ ቆመ። ወር ሲገባ ትከፍያለሽ ተባለች፤ እሺ አለች፤ ከዚያ በላይ የተነሳ ነገር አልነበረም።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ ቀረ። ቁራሽ የቸገረው ሰው ጋቢ አያሠራምና ሸማኔዎቹ ድርና ማግ መግዛት አቆሙ። ከበሽሎ ቆላ ልጆቹን ያዘለ ሕዝብ ወደ ደጋው ይወጣ ጀመር። ያኔ ነው አቶ ገበየሁ ተከራዮቻቸውን ሰብስበው፣ ከእንግዲህ የዘገየ ሰው ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ስሙኒ ቅጣት ይጨምራል ያሉት። ሁለት ተከራዮች ቅጣቱ ሲከመርባቸው ለቀው ሄዱ። ክፍሎቻቸው ወዲያው በማሽላና በጤፍ ጆንያ ተሞሉ። ዋጋው በየገበያው ይጨምር ስለነበር ከተከራይ ይልቅ እህል ያዋጣ ነበር። የፈዲላ ግድግዳ ከእነዚህ ክፍሎች ከአንዱ ጋር የጋራ ስለሆነ፣ ሆዷ ባዶ ሲሆን የእህሉ ሽታ በጭቃው ስንጥቅ እየገባ ይመጣባት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሁለት ሳምንት ዘግይታ ሦስት ብሯን ይዛ ሄደች። አቶ ገበየሁ ቆጠሩና መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

"ሁለት ስሙኒ ይቀርሻል።"

"የሚቀረኝ የለም፣ ጋሼ። የተዋዋልነው በሦስት ብር ነው።"

"ስትዘገዪስ?"

"ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ እላለሁ። ቅጣት ግን ያን ጊዜ አልተነሳም። አድማሴ አለ፤ ይጠየቅ።"

"ቤቱ የኔ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት።"

"ቤቱ የእርስዎ ነው። ኪራዬን እስከከፈልኩ ግን ነዋሪዋ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አንድ ስሙኒ አልጨምርም።"

ብሩን መለሱላት። እሷም ይዛው ቤቷ አልገባችም። ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩት ሼህ ጀማሉዲን ዘንድ ሄዳ፣ "ሼሕዬ፣ ይህ የቤቴ ኪራይ ነው፤ ጋሼ ገበየሁ አልቀበልም ስላሉ በአማና ያስቀምጡልኝ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ በየወሩ ያገኘችውን እዚያው አስቀመጠች። እንዴት እንዳገኘችው እሷ ታውቃለች። ከአንገቷ የነበረው የብር ድሪ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

አድማሴ ግን ፈራ። እሱ ቅጣቱን እየከፈለ ነበር። "ተይው ፈዲላ፤ ለሁለት ስሙኒ ብለሽ ሜዳ ላይ ትወድቂያለሽ" አላት።

"ዛሬ ስሙኒውን ብሰጥ ነገ ሌላ ይፈጥራሉ። የሚፈልጉት ስሙኒዬን አይደለም፤ ክፍሉን ነው።"

አንድ ማለዳ ከገበያው ዳር ብርሀንነሽ የምትባል የቆላ ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ወድቃ አገኘቻት። ደግፋ ወደ ቤቷ አመጣቻት። ብርሀንነሽ ክርስቲያን ናት፤ ነገር ግን ሁለቱን የሚለያያቸው ሥጋ ብቻ ነው፣ ሥጋ ደግሞ በዚያ ዓመት አልነበረም። ያለችውን ገንፎ አብረው በሉ። አቶ ገበየሁ በሩ ላይ ቆመው፣ "ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው" አሉ።

"እንግዳዬ ናት" አለች ፈዲላ። "እንግዳ አታስገቢም ብለው አላከራዩኝም።"

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ገበየሁ ሁለት ኩሊ ይዘው መጥተው መዝጊያውን ከመቃኑ አስነቅለው ወሰዱ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የመካነ ሰላም ጉም እንደ ሰው ቤት ይገባል። ፈዲላ በመቃኑ ላይ ሰሌን ሰቀለች። ትወጣለች ብለው ሲጠብቁ፣ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ ትፈትል ጀመር። እህል ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ይላታል።

"መዝጊያዬን ወስደውብኝ ነው። ከጎኔ ያለው እህል ግን ቁልፍ አለው" ትላለች።

ነገሩ በከተማው ተወራ። አቶ ገበየሁ ተናደውም አፍረውም ፈዲላ ክፍሉን ትልቀቅልኝ ብለው ፍርድ ቤት ከሰሷት። ቀጠሮው እየተገፋ ሳለ የብርሀንነሽ ልጅ ማሳል ጀመረች። ፈዲላ ያላትን ጋቢ ሁሉ ደረበችላት። ትንሿ ልጅ ነሐሴ ሲጋመስ ሞተች።

ከቀብር ሲመለሱ ፈዲላን ሁለት ስሙኒ ብከፍል ኖሮ መዝጊያው አይነቀልም ነበር የሚለው ሐሳብ አልለቃት አለ። ለብርሀንነሽ ነገረቻት። ብርሀንነሽ ግን፣ "እኔን ስታገኚኝ ልጄ አልቃለች" አለች። "ያንቺ በር አይደለም የገደላት። ደግሞስ ብትከፍይ ኖሮ እኛን አስወጪ ሲሉሽ እሺ ትያቸው ነበር?"

"አልልም።"

"እንግዲያው መዝጊያው መነቀሉ አይቀርም ነበር። ቀጠሮሽ መቼ ነው? አብሬሽ እሄዳለሁ።"

በቀጠሮው ቀን ሼህ ጀማሉዲን አማናውን በጨርቅ ቋጥረው አምጥተው ዳኛው ፊት አኖሩ። ዳኛው አድማሴን ጠሩት። አድማሴ አቶ ገበየሁን አየ፣ ፈዲላን አየ። የሚኖረው በሰውየው ቤት ነው፤ ነገ እሱም ሊወጣ ይችላል።

"ሲዋዋሉ ስለ ቅጣት ተነስቶ ነበር?"

"አልተነሳም" አለ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ጨመረ፦ "እኔም የከፈልኩት ፈርቼ ነው።"

ዳኛው አቶ ገበየሁ የኪራዩን ገንዘብ እንዲረከቡ፣ ያልተስማሙበትን ቅጣት እንዳይጠይቁ፣ መዝጊያውንም እንዲመልሱ ወሰኑ። መዝጊያው ተመለሰ። ፈዲላ ሲገጥሙት ቆማ አየች።

አብዮቱ መጣ። በስድሳ ሰባት ሐምሌ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ የሚለው አዋጅ በራዲዮ ሲነበብ፣ አድማሴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ደጋግሞ ሳቀ። ኪራዩ በግማሽ ተቀነሰ። አድማሴ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነ፤ ፈዲላ ኮሚቴ ገባች። አቶ ገበየሁ ደሴ እንደወረዱ እዚያው ታመው ሞቱ። ትልቁ ቤታቸው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲሆን ሚስታቸው ሐረግ ከኪራይ ክፍሎቹ በአንዷ ገባች፤ እሷም በተራዋ ተከራይ ሆነች።

ሐረግ የሚረዳት ልጅ አልነበራትም። ኪራይዋ አንድ ወር ዘገየ፣ ደገመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ የሚዘገይ ሁሉ ይቀጣ፣ የማይከፍል ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያቀረበው አድማሴ ነው።

"ከማን ልንጀምር ነው?" አለች ፈዲላ።

"ከሐረግ። የገበየሁ ሚስት ናት እኮ፣ ፈዲላ። አንቺ ነሽ ከማንም በፊት እጅሽን ማውጣት ያለብሽ።"

"እጄን አላወጣም። አዋጁ ሲነበብ አብረን ሰምተናል፤ ስለ ቅጣት ጆሮዬ የሰማው የለም። ሰዎቹ ሲገቡም ስለ ቅጣት አልነገርናቸውም።"

"አንቺ ለአድኃሪ ጥብቅና ቆምሽ?"

"ለተከራይ ነው የቆምኩት። ያን ጊዜ አንተም ተከራይ ነበርክ፤ ከፈራህ በኋላም ቢሆን እውነቱን ተናግረሃል። ዛሬ መዝጊያ ልትነቅሉ ከመጣችሁ የኔን አስቀድሙ።"

አብዛኛው እጅ ወጣ፤ ቅጣቱ ጸደቀ። ግን የሚያስከፍል አልተገኘም። የተላኩት ጥበቃዎች ሐረግ በር ላይ ሲደርሱ ፈዲላና ከእሷ ጋር የቀረችው ብርሀንነሽ እዚያ ተቀምጠው እየፈተሉ ነበር፤ ሰላምታ ተለዋውጠው ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ቀስ በቀስ ስለ ቅጣት የሚያነሳ ጠፋ። በሚቀጥለው ምርጫ ፈዲላን ከኮሚቴው አወጧት።

ሐረግ አላመሰገነቻትም። አንድ ቀን ብቻ ፈዲላ ጥጥ ስትፈለቅቅ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና፣ "መዝጊያሽ ሲነቀል በመስኮት አይቻለሁ" አለች።

"አውቃለሁ፣ እትዬ ሐረግ። እኔም አይቼዎታለሁ።"

ሐረግ ከጥጡ አንድ እፍኝ አንስታ አብራት መፈልቀቅ ጀመረች።

ፈዲላ በዚያች ክፍል እስከ እርጅናዋ ኖረች። አድማሴ ከሊቀመንበርነቱ ከወረደ በኋላ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ ሲገናኙ ይሳሳቁ ነበር፤ ስለዚያ ስብሰባ ግን አያነሱም። የቀበሌው ሒሳብ ሰብሳቢ በየወሩ ሲመጣ ብሩን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ትቆያለች፤ የምትፈታው ደረሰኙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነበር።