የጎተራው ቁልፍ

የያዙኝ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በእጄ እንዳለ ነው። ሁለት ታጣቂዎች በሩ ላይ ቆመው፣ «ጓድ መምህር፣ ለአንድ አፍታ ይፈለጋሉ» አሉኝ። በዚያ ዘመን የአንድ አፍታን ትርጉም የማያውቅ መካነ ሰላም ውስጥ አልነበረም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹ እንደ ወትሮው ብድግ አሉ።

ያስገቡኝ የአንድ ባላባት ጎተራ ቤት ነው። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ሸሽቶ፣ ቤቱ ተወርሶ፣ ጎተራው እስር ቤት ሆኗል። መስኮት የለውም። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ የገለባው፣ የአይጡና የነቀዙ ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አየሁ።

«በምን አመጡህ?» አሉኝ።

«በመጽሐፍ።»

«ቄስ ነህ?»

«የለም፣ መምህር ነኝ።»

«እኔን በልጄ ነው። ጫካ ገብቷል፤ አምጣው ይሉኛል። ከየት አባቴ ላምጣው?» ግድግዳውን በእጃቸው ዳበሱት። «በክፉው ቀን፣ አንድ ቁና ስጡኝ ብዬ እዚች በር ላይ ስለምን ውዬ ስለምን አድሬያለሁ። ወላሂ አልከፈቱልኝም። አሁን ይኸው፣ ሳልለምን ከፍተው አስገቡኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ እኔም የራሴን ነገርኳቸው።

ስለ ጥንት ሥልጣኔ የማስተምርበት መጽሐፍ አልነበረኝም። ደሴ ሄጄ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ለልጆች ይሆናሉ ያልኳቸውን መርጬ፣ በጭነት መኪና ላይ ታቅፌ አመጣኋቸው። ጦርነት ብቻ የሞላባቸውን ተውኩ። ዘውድና ዙፋን ብቻ የሚያሳዩትንም ተውኩ። የኔ ተማሪዎች ከረሃብ የተረፉ ናቸው፤ የጥንት ሰው ምን ይበላ እንደነበርና ለክፉ ቀን እንዴት ያስቀምጥ እንደነበር ይወቁ አልኩ። ከሁሉ የምወደው የግብፅን ጎተራዎች በቀለም የሚያሳየውን ነበር። ሰዎች እህል ተሸክመው በደረጃ ይወጡና አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይገለብጣሉ።

ያን ሥዕል ባሳየሁበት ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። በረሃቡ ወንድሞቿን የቀበረች ልጅ ናት።

«መምህር፣ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«የንጉሡ ሹማምንት ጋ።»

«የኛስ? የባላባቱ ጎተራ ቁልፍ አሁን ማን ጋ ነው?»

ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ሳይሆን ሰው እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። እኔ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ስለ ዓባይ ወንዝ አወራሁ። ወሬ ግን እግር አለው፤ ከከተማው ካድሬ ጆሮ ደረሰ።

በታሰርኩ ማግስት ካድሬው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። መጽሐፎቼ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል።

«ከክፍልህ አድኃሪ ጥያቄ ወጥቷል። የጠየቀውን ልጅ ስም ንገረኝና መጽሐፎችህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት።»

«ከየትኛው?»

ሌላ አንስቼ ልሰጠው አሰብኩ። ግን ገልጦ ያያል፤ ጎተራ ያለበት ያው አንዱ ነው። ለልጆቹ መርጬ ያመጣሁትን፣ አሁን ደግሞ ለእሳት መረጥኩት። ካድሬው ሥዕሉን ጥቂት አየና መጽሐፉን ደጅ ሻይ ለሚያፈላው ዘበኛ ለማገዶ ሰጠው። ቀለሙ ሲነድ እሳቱ ለአፍታ አረንጓዴ ሆነ።

«ስሙን አሁንም እንጠብቃለን» አለኝ ካድሬው።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ስለ ጓሮው የማወራው ብዙ የለኝም። ወደ ጎተራው የተመለስኩት በእግሬ አልነበረም።

ሽማግሌው ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ስሟን ተናገርክ?»

«አልተናገርኩም።»

«አብሽር፣ ልጄ።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከግድግዳው ስንጥቅ በጥፍራቸው እየለቀሙ ያጠራቀሙት ስንዴ ነው፤ እፍኝ አይሞላም። በክፉው ቀን ዘራቸውን በልተው ስለነበር፣ ሁለተኛ ዘር ላይበሉ ምለዋል። ይኼኛው ለመዝሪያ ነው ያሉኝ ገና ትናንት ነው።

«አባቴ፣ ለዘር አይደለም እንዴ?»

«የዘንድሮን ዝናብ እኔ አላየውም። እንካ፣ ቁርጠም።»

አብረን ቆረጠምን። ግማሹን ነቀዝ ቦርቡሮት ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በልቼ እንደዚያ የከበርኩበት ማዕድ የለም።

ጠዋት ስማቸው ተጠራ። ጋቢያቸውን እኔን አልብሰውኝ ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ትምህርት ቤት ነው። የልጅቷ ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ስሟን አልተናገርኩም፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ብዙ አፍ ነበር። እናቷን ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ሰላም ስላት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለፈችኝ። ዝምታዬ ምን ጠቀማት? ይህን እየጠየቅሁ አረጀሁ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። አልፎ አልፎ ወጣት መምህራን መጥተው፣ ስለ ጥንት ሥልጣኔ ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ይምረጡልን ይሉኛል። አስቀድሜ የምፈልገው የጎተራ ሥዕል ያለበትን ነው። ሲጋብዙኝም ክፍል ገብቼ አነብላቸዋለሁ፤ እህሉ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ በሩ ተዘጋ እላለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዝቅ አድርጌ ልጆቹን አያለሁ። ስለ ፈርዖን ወርቅ ይጠይቁኛል። ሬሳው እንዴት ሳይበሰብስ እንደቆየ ይጠይቁኛል።

ስለ ቁልፉ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።